ልጅሽ እንጀራ መሸጧን ትናገር፤ በኮሌጅ ኢንተርቪው ለተጨነቀች እናት

የደረሰን ደብዳቤ (ትንሽ አሳጥረነዋል)፦

«ሰላም እህቴ፣ እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት፣ ፕሪንስተን አመልክታ ባለፈው ሳምንት እዛ የተማረ አንድ ጠበቃ ኢሜይል ላከላት፣ ቅዳሜ ቤቴስዳ አንድ ካፌ ተገናኝተን እናውራ ይላል። ከዛ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። አንደኛ የማናውቀው ሰው ነው፣ አብሬያት ሄጄ ልቀመጥ ወይ? ሁለተኛ ልጄ ትልቅ ሰው ፊት አንገቷን ደፍታ ነው የምታወራው፣ እኔም እንደዛ ነው ያሳደግኳት፣ አሁን ግን ፈራሁ። ሦስተኛ ደሞ ቅዳሜና እሁድ አክስቷ ሱቅ እንጀራና በርበሬ ትሸጣለች፣ ኤክሴል ላይ ምናምን እየጻፈች ሰኞ ስንት እንጀራ እንደሚተርፍ ትቆጥራለች፣ አክስቷም በሷ ምክንያት ትዕዛዝ ቀንሳለች፣ እና እሱን ነው የምነግረው ትለኛለች። እኔ ደሞ እሱን ተይው፣ ዶክተር መሆን እፈልጋለሁ በይ፣ የሳይንስ ክለብሽንና በጎ ፈቃድ የሠራሽውን ሰዓት ንገሪው ብያት ተጣላን። ኢኮኖሚክስ ነው የምፈልገው ትላለች። ከፍርድ ቤቱ ውሳኔ በኋላ ኢትዮጵያዊ ነኝ ብሎ ማውራት አይቻልም የሚሉኝም አሉ። ለሰውየው ጥሩ የሐረር ቡና አለኝ፣ ይዛለት ትሂድ? ስለ ገንዘብስ ትጠይቀው? የወንድሜ ልጅ ኢንተርቪው ምንም ዋጋ የለውም ይላል፣ የቤተክርስቲያን ጓደኛዬ ደሞ ሁሉም ነገር እሱ ነው ትላለች። ግራ ገብቶኛል። የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት።»

እህቴ ሰላም ላንቺና ለቤተሰብሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት፣ የጠየቅሽው ብዙ ነው ሁሉንም እነካካዋለሁ፣ ግን አንቺ ባስቀመጥሽው ቅደም ተከተል አይደለም ምክንያቱም አንዱ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል፣ እሱም ከልጅሽ ጋር ያጣላሽ ነገር ነው። በዚ ጉዳይ ልጅሽ ልክ ናት። ስለ ሱቁ ትናገር፣ እንደውም ከሁሉ በፊት እሱን ትናገር።

ለምን እንደዚ እንደምልሽ እንዲገባሽ ሰውየው ማን እንደሆነ ልንገርሽ። ይሄ ጠበቃ የፕሪንስተን ሠራተኛ አይደለም፣ አይከፈለውም፣ ድሮ እዛ ስለተማረና ኮሌጁን ስለሚወድ በትርፍ ጊዜው አመልካች ልጆችን የሚያናግር በጎ ፈቃደኛ ነው። የልጅሽን ግሬድ አላየም፣ የኤስኤቲ የመግቢያ ፈተና ውጤቷን አያውቅም፣ ኤሴይዋን ማለትም ከማመልከቻው ጋር ስለራሷ የጻፈችውን ጽሑፍ አላነበበም፣ አስተማሪዎቿ የጻፉላትም አልደረሰውም። ያለው ነገር ስሟ፣ ትምህርት ቤቷ፣ ኢሜይሏ፣ ምናልባት ምን መማር እንደምትፈልግ፣ በቃ ይሄው ነው። ሃርቫርድም ሆነ ዬል ወይም ኤምአይቲ ብታመለክት ነገሩ ከዚ ብዙ አይለይም። ስለዚ ልጅሽ «ኤሴዬ ላይ እንደጻፍኩት» ብላ እንዳትጀምር አደራ፣ ጽፌዋለሁ ብላ የምትዘለው ታሪክ ለሰውየው ፍጹም አዲስ ነው፣ ከመጀመሪያው ጀምራ ትንገረው። 30 ደቂቃም ሊያወሩ ይችላሉ አንድ ሰዓትም ሊሞላ ይችላል፣ ከዛ ሰውየው ቤቱ ገብቶ አጠር ያለ ሪፖርት ይጽፋል፣ ሪፖርቱ ፋይሏ ውስጥ ይገባል። ትግባ አትግባ ብሎ የሚወስነው እሱ አይደለም፣ ውሳኔው በፈረንጅ ማርች መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ እሱ ቀድሞ የሚያውቀው ነገርም የለም።

እንግዲህ የወንድምሽ ልጅም ጓደኛሽም የያዙት ግማሽ ግማሹን ነው። የአራት ዓመት ውጤቷ፣ የወሰደቻቸው ከባድ ኮርሶች፣ ኤሴይዋ፣ የአስተማሪዎቿ ደብዳቤ፣ ይሄ ሁሉ ከኢንተርቪው በላይ ይመዝናል። ኢንተርቪው ሁሉም ነገር ቢሆን ኖሮ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከ2023 ጀምሮ የቀድሞ ተማሪዎቹን ኢንተርቪው አይተወውም ነበር፣ ብራውን ዩኒቨርሲቲም በምትኩ ከ90 ሰከንድ ያልበለጠች ቪዲዮ ላኩልኝ አይልም ነበር፣ እዚሁ አጠገባችሁ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ደሞ ጭራሽ ኢንተርቪው የሚባል ነገር የለውም። ፕሪንስተንም ቢሆን ግዴታ አያደርገውም፣ ልጅቷ አልፈልግም ብትል እንኳን አይያዝባትም፣ ደሞ ኢሜይል ያልደረሳቸው ልጆች ካሉ ጎረቤታችሁ ውስጥ ተጥለው አይደለም፣ በየአካባቢው ያለው በጎ ፈቃደኛ ለሁሉም ስለማይበቃ ነው። ይሄን ለሌሎቹም እናቶች ንገሪያቸው፣ በዚ የተነሳ የሚያለቅሱ ልጆች አውቃለሁ።

ዋጋ የለውም የሚለው ግን ትክክል አይደለም። ሃርቫርድ ተማሪ ሲያስገባ ያዳላል ተብሎ ተከሶ በ2018 ቦስተን ላይ ችሎት ሲቀርብ የመግቢያው ሥርዓት በአደባባይ ተዘርግፎ ነበር፣ እና ከሳሾቹ አጥብቀው ካነሷቸው ነጥቦች አንዱ ምን መሰለሽ፣ ለኤሽያውያን አሜሪካውያን ልጆች በጠባይ ነጥብ ላይ ቢሮ ተቀምጠው ፋይል የሚያነቡት ሠራተኞች ከሚሰጡት ውጤት ይልቅ በአካል ያገኟቸው የቀድሞ ተማሪዎች የሰጡት የተሻለ መሆኑ ነው። ወረቀት ላይ የማትታይ ልጅ ፊት ለፊት ስትቀመጥ ትታያለች ማለት ነው። ለእኛ ልጆች ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ እንጀራው ልመለስ።

እኔም ለተማርኩበት ኮሌጅ በበጎ ፈቃድ ልጆች አነጋግራለሁ፣ ስለዚ ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። አንዲት ልጅ መጥታ «ዶክተር ሆኜ ሰው መርዳት እፈልጋለሁ፣ የሳይንስ ክለብ ምክትል ፕሬዚዳንት ነኝ፣ ይሄን ያህል ሰዓት በጎ ፈቃድ ሠርቻለሁ» ስትለኝ ውሸት ነው ብዬ አላስብም፣ ጥሩ ልጅ መሆኗም ይታየኛል፣ ግን ማታ ሪፖርት ልጽፍ ስቀመጥ ስለሷ የምጽፈው አንድ ዓረፍተ ነገር አጣለሁ፣ ምክንያቱም ያለችው ሁሉ ከሷ በፊት የመጣውም ከሷ በኋላ የሚመጣውም ልጅ የሚለው ነው። ደሞ የበጎ ፈቃድ ሰዓቱን በተመለከተ አንድ ነገር ላስታውስሽ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከሕዝብ ትምህርት ቤት ለመመረቅ 75 ሰዓት ግዴታ ነው፣ የቤቴስዳ ጠበቃ ደሞ ይሄን በደንብ ያውቃል፣ ልጆቹም እዛው ተምረው ሊሆን ይችላል። ሰዓቱን በቁጥር መጥራት ምንም አይጨምርላትም፣ በዛ ሰዓት ውስጥ ያየችው ነገር ካለ ግን እሱን ትናገር።

አሁን አንቺ በደብዳቤሽ መሃል ጣል አድርገሽ ያለፍሽውን ነገር ተመልከቺ። አንዲት የ12ኛ ክፍል ልጅ ማንም ሳያዛት ሰኞ ሰኞ እንጀራ እንደሚተርፍ አስተዋለች፣ ዝም ብላ አላለፈችውም፣ መጻፍ ጀመረች፣ የጻፈችውን ለአክስቷ አሳየች፣ አክስቷ ደሞ ገንዘቧን የምታወጣ ነጋዴ ሆና ሳለ ልጅቷን አምና ትዕዛዟን ቀነሰች። እህቴ ይሄ እኮ ራሱ ኢኮኖሚክስ ነው! እኔ ብሆን ሰዓቱ እስኪያልቅ ከዚ አልወጣም ነበር፣ ጾም ሲገባ ምን ይለወጣል እላታለሁ፣ ለፋሲካ ዋዜማስ እንዴት ነው የምትገምቱት፣ ገምተሽ ያነሰባችሁ ቀን የለም ወይ፣ እንጀራ ፈልጎ አጥቶ የተመለሰ ሰው ከተረፈ እንጀራ አይብስም ወይ፣ አክስትሽ መጀመሪያ ስትነግሪያት ምን አለችሽ እያልኩ እጠይቃታለሁ። እሷም ትመልሳለች ምክንያቱም የኖረችበት ነው፣ ማንም አላስጠናትም። እንደዚ ሲሆን ኢንተርቪው መሆኑ ቀርቶ ጨዋታ ይሆናል፣ ሪፖርቱም ራሱን በራሱ ይጻፋል። ሰውየው ከዛ ቀን በኋላ ባልትና ሱቅ ባየ ቁጥር ልጅሽን ያስታውሳል።

ለምን ተይው እንዳልሻት ይገባኛል። እዚ አገር መጥተን የሠራነው ሥራ ለልጆቻችን እንዳይተርፍ ብለን ነው የደከምነው፣ ፓርኪንግ የቆምነው፣ ሌሊት ታክሲ የነዳነው፣ ልጄ ባንኮኒ ጀርባ ቆማ በርበሬ ስትመዝን እንዲያዩብኝ አልፈልግም ትያለሽ፣ እኔም እናት ነኝ። ነገር ግን ጠበቃው ይሄን ሲሰማ የሚያየው አንቺ የምትፈሪውን ነገር አይደለም። ቅዳሜና እሁዷን ለቤተሰብ ሥራ እየሰጠች ከባድ ኮርሶችን የምትወጣ ልጅ ነው የሚያየው። ኮሌጆቹ የቤተሰብ ኃላፊነትን ከክለብ አያሳንሱትም፣ ታናሽ ወንድም መጠበቅ፣ ለአያት ሐኪም ቤት ማስተርጎም፣ ሱቅ ማገዝ ይሄ ሁሉ ይቆጠራል፣ ግን ካልተነገራቸው ከየት ያውቁታል። ብዙ የሐበሻ ልጆች ይሄን እንደ ሥራ ስለማይቆጥሩት ማመልከቻቸው ላይም ሳይጽፉት ያልፋሉ፣ እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

ዶክተር የሚለውን ደሞ እባክሽ ተይላት። አንደኛ ፍላጎቷ አይደለም፣ ፍላጎቷ ያልሆነ ነገር ስትናገር ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ትያዛለች፣ ሰውየው ባዮሎጂ ውስጥ ምኑን ትወጂዋለሽ ሲላት ምን ልትል ነው? ሁለተኛ ፕሪንስተን የሕክምና ትምህርት ቤት የለውም። የሕግም የቢዝነስም የለውም። «የናንተ ሕክምና ትምህርት ቤት ጥሩ ስለሆነ ነው የመረጥኩት» ብላ ብትናገር ኮሌጁን ጭራሽ እንዳላየችው ነው የሚቆጠረው። ደሞ ለወደፊቱም ብታስቢ እዚ አገር ዶክተር የሚሆኑ ልጆች ባችለራቸውን በፈለጉት ነገር ይዘው የሚጠየቁትን የሳይንስ ኮርሶች ጎን ለጎን ወስደው ነው የሚገቡት፣ ኢኮኖሚክስ ተምራም ሐሳቧን ብትቀይር በሩ አልተዘጋም።

ለምን ፕሪንስተን ብሎ መጠየቁ አይቀርም፣ እሱን ቤት ተዘጋጅታበት ትሂድ። ስሙ ትልቅ ስለሆነ የሚለው መልስ አይደለም። ለምሳሌ እዛ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ከጥቂቶች በስተቀር ሁሉም የራሳቸውን ትልቅ ጥናት ይጽፋሉ፣ ልጅሽ የሱቁን ነገር ይዛ ምን መጠየቅ ትፈልጋለች፣ የምግብ ብክነትን? ከአገር ቤት የሚመጣ ሸቀጥ ዋጋ ለምን እንደሚወጣና እንደሚወርድ? እሱን ታስብበት። ሌላው ደሞ ፕሪሴፕት የሚሉት አለ፣ ከ1905 ጀምሮ የመጣ አሠራር ነው፣ ከትልቁ ሌክቸር ውጪ ተማሪዎች በትንሽ ቡድን ተቀምጠው ያነበቡትን የሚከራከሩበት ነው። እንግዲህ አስቢው፣ እንደዚ አድርጎ የሚያስተምር ኮሌጅ ዝም ብላ የምትሰማ ልጅ ብቻ አይደለም የሚፈልገው፣ አስተያየቷን የምትናገር የሌላውንም የምትሰማ ነው የሚፈልገው።

እሱ ነው ወደ አንገት መድፋቱ የሚያመጣኝ። ዝም አይነቅዝም ብለን ነው ያሳደግናቸው፣ ትልቅ ሰው ሲያወራ አትግቢ፣ አይን አይኑን አትዪው፣ ራስሽን አታወድሺ፣ ሌላ ሰው ያመስግንሽ። ይሄ ጨዋነት ነው፣ አላፈርኩበትም፣ ቤታችን ውስጥ ይቀጥል። ግን ቤቴስዳ ካፌ ውስጥ ያ ሰው ይሄን አያውቅም፣ አንገቷን ከደፋች ፈርታለች ወይም ፍላጎት የላትም ብሎ ነው የሚተረጉመው፣ ሪፖርቱ ላይ ደሞ መጻፍ የሚችለው የሰማውን ብቻ ነው። እና ይሄን አንቺ ራስሽ ብትነግሪያት ነው የሚሻለው፣ ሌላ ሰው ቢነግራት ከእናቷ ትምህርት ጋር የተጣላች ይመስላታል። ቁጭ አድርገሽ «ልጄ ቅዳሜ ቀን አይኑን እያየሽ ብታወሪ ንቀት አይደለም፣ እኔ ፈቅጄልሻለሁ» በያት። ስንት ልጅ መሰለሽ የእናቱን ፈቃድ ብቻ የሚጠብቀው።

ራስን ማወደስና የሠሩትን መናገር ደሞ ይለያያሉ። «እኔ ጎበዝ ነኝ፣ መሪ ነኝ» ማለት ማወደስ ነው፣ «ሰኞ ሰኞ እንደሚተርፍ አየሁ፣ መጻፍ ጀመርኩ፣ አክስቴን ለማሳመን ጊዜ ወሰደብኝ» ማለት ግን የሆነውን መናገር ነው፣ ጎበዝነቷን ሰውየው ራሱ ይደርስበታል። አንድ ነገር ግን ልምድ አድርጋ ትሂድ፣ የኛ ልጆች ሁሉን ነገር «እኛ» ነው የሚሉት፣ እኛ አደረግን እኛ ቆጠርን፣ ሰውየው የትኛው የአክስቷ የትኛው የሷ እንደሆነ አይለይለትም። የሷን ሥራ «እኔ» ብላ ትናገር፣ የአክስቷን ደሞ የአክስቷ ብላ ታመስግን።

የፍርድ ቤቱን ነገር ብዙ ሰው አጣሞ ነው የሰማው። ጁን 29፣ 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የከለከለው ኮሌጆች ዘርን ብቻውን እንደ ነጥብ ቆጥረው እንዳያስገቡ ነው። እዛው ውሳኔ ላይ ዋና ዳኛው ሮበርትስ ተማሪው ዘሩ በሕይወቱ ላይ ምን እንዳመጣ ቢናገር፣ መድልዎም ይሁን ብርታት፣ ኮሌጁ ያንን ከማየት አይከለከልም ብለው ጽፈዋል። ልጅሽ ከቤት ወጥታ ኢትዮጵያዊነቷን ጥላ መሄድ የለባትም። እንደ ጌጥ እንድትለጥፈውም አልልም፣ የሱቁን ታሪክ ስትናገር እንጀራው፣ ጾሙ፣ አክስቷ፣ በአማርኛ የሚያዙት አዛውንቶች ሁሉ አብረው ይመጣሉ።

ልምምድን በተመለከተ መልስ አታሸምድድ። ያሸመደደ ልጅ ወዲያው ነው የሚታወቀው፣ ድምፁ ይቀየራል፣ አንድ ቃል ሲጠፋው ሁሉም ይጠፋዋል። ከመልስ ይልቅ በደንብ የምታውቃቸውን ጥቂት ታሪኮች ትያዝ፣ የሱቁ አንድ፣ ክፍል ውስጥ ወይም መጽሐፍ ላይ ያስገረማት ነገር አንድ፣ አንድ የከበዳት ወይም ያልተሳካላት ነገር፣ እና ለደስታዋ ብቻ ብላ የምታደርገው ነገር፣ ይሄኛው የሚረሳ ነው ግን ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። በእነዚ ውስጥ አብዛኛውን ጥያቄ መመለስ ትችላለች። «እስቲ ስለራስሽ ንገሪኝ» ሲላት ከተወለደችበት ሆስፒታል አትጀምር፣ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ነገር ትናገርና ሰውየው እንዲጠይቃት ቦታ ትተውለት። ልምምዱን ግን አንቺ አታድርጊያት፣ በእናትና ልጅ መሃል አይሆንም ትጣላላችሁ፣ በደንብ የማታውቀው ትልቅ ሰው ፈልጊላት፣ የሥራ ባልደረባሽ ይሁን፣ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው ይሁን፣ ካፌ ወስዶ ግማሽ ሰዓት በእንግሊዝኛ ያውራት። ያልገባት ጥያቄ ከመጣ «ይቅርታ ይድገሙልኝ» ማለት፣ የማታውቀውን አላውቀውም ማለት፣ ለማሰብ ትንሽ ዝም ማለት፣ እነዚ ሁሉ አያስቀንሱም።

መጨረሻ ላይ «አንቺስ የምትጠይቂኝ አለ?» ይላታል። የለኝም ማለት አይሆንም። ዌብሳይት ላይ የሚገኝ ነገርም አትጠይቀው፣ እገባለሁ ወይ ብላም አትጠይቀው አያውቅም። እሱ ብቻ ሊመልስ የሚችለውን ትጠይቀው፣ ከቤት ርቆ የመጀመሪያው ዓመት እንዴት ነበር፣ እዛ የጻፈው የምረቃ ጥናት ስለምን ነበር፣ እንደገና ቢጀምር ምን ይቀይራል፣ ጠበቃ ለመሆን እዛ እያለ ነው የወሰነው ወይስ በኋላ። ሰው ስለወጣትነቱ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፣ መልሱን ደሞ ከልቧ ትስማው፣ ልጅሽ አራት ዓመት የምትኖርበትን ቦታ የምትመርጠው እሷም ናት።

አብሬያት ልቀመጥ ላልሽው፣ አትቀመጪ። ፍርሃትሽ ግን ተገቢ ነው፣ 17 ዓመት ልጅ ናት ሰውየውን አታውቁትም። ለዛ ነው ካፌ ወይም ላይብረሪ ሰው ያለበት ቦታ የሚባለው፣ ማንም ቤቴ ነይ ቢላት አይሆንም ብላ ሌላ ቦታ ወይም በዙም ይሁን ማለት መብቷ ነው፣ የሚከብድ ነገር ካለ ለኮሌጁ የመግቢያ ቢሮ በቀጥታ መጻፍ ይቻላል። ቢሮው ይሄን ሰውዬ እንደሚያውቀውም ጠይቃ ማረጋገጥ ትችላለች፣ አያስወቅሳትም። አንቺ አድርሻት፣ ስልኳ ክፍት ይሁን፣ ከዛ መኪና ውስጥ ሁኚ ወይም እዛው አካባቢ ዞር ዞር በይ፣ ሲያልቅ ትደውልልሽ። ጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ ብትቀመጪ ግን ልጅቷ ሰውየውን ሳይሆን አንቺን እያየች ነው የምታወራው። ኢሜይሉንም እሷ ራሷ ትመልስ፣ ዛሬ፣ አጭርና ትህትና ያለው፣ ሚስተር ብላ በቤተሰብ ስሙ። ቅዳሜው የማይመች ከሆነ፣ ፈተና ካለባት ወይም ጥምቀት ላይ ከዋለ፣ ሌላ ቀን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ልብስ ንጹሕና የተተኮሰ ይሁን፣ ስትቀመጥበት የማያስቸግራት፣ ሱፍ አያስፈልግም። አስር ደቂቃ ቀደም ብላ ትድረስ። ሰውየው ምን ልጋብዝሽ ካላት እንደ ቤታችን ሦስቴ እስኪለመን አትጠብቅ፣ እነሱ አንዴ አይ ካልሻቸው አበቃ፣ ከፈለገች ሻይ ትበል፣ ጾም ላይ ከሆነችም ውሃ ብቻ ብላ ብትቀመጥ ማንም ምንም አይልም። በዙም ከተቀየረ ደሞ ካሜራው ከአይኗ እኩል ይሁን፣ ቤት ውስጥ ያሉት ጸጥ ይበሉላት።

ቡናውን አትላኪ። በጣም ጥሩ ልብ ነው ያለሽ፣ እኛ ጋ ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነው፣ ግን እሱ በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ስለልጅሽ የሚመሰክር ሰው ነው፣ ስጦታ ሲቀበል ራሱን ያስጨንቀዋል፣ ለኮሌጁም መናገር እንዳለበት ሊሰማው ይችላል። በምትኩ በማግስቱ ሦስት አራት መስመር የምስጋና ኢሜይል ትጻፍለት፣ ከተነጋገሩት አንድ ነገር ጠርታ፣ እሱ የነገራትን አንድ ነገር አንስታ። እሱ ይበቃል።

ስለ ገንዘብ ሰውየውን አትጠይቀው፣ አያውቀውም፣ ውሳኔም የለውም። ግን አንቺ ልታውቂው ይገባል። ፕሪንስተን በ2001 ብድርን ከእርዳታው አውጥቶ የማይመለስ ገንዘብ በማድረግ የመጀመሪያው ነው፣ በ2025 ባወጣው አሠራር ደሞ የዓመት ገቢያቸው እስከ 150 ሺህ ዶላር ከሆነ ቤተሰቦች ውስጥ አብዛኛዎቹ ትምህርቱንም ማደሪያውንም ምግቡንም አይከፍሉም፣ እስከ 250 ሺህ ከሆኑት ደሞ አብዛኛዎቹ የትምህርቱን አይከፍሉም። እርዳታ ጠይቃለች ተብሎም ማመልከቻዋ አይጎዳም። ይሄ ሁሉ የሚሆነው ግን የፋይናንሻል ኤይድ ፎርሙ በሰዓቱ ሲገባ ነው፣ ደሞ ከመግቢያው ማመልከቻ የተለየ ነው፣ ብዙ ቤተሰብ አንድ ነው ብሎ ያልፈዋል። እሷ ለኢንተርቪው ስትለማመድ አንቺ ያምናውንና የካቻምናውን የታክስ ወረቀት አውጪ፣ ኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ቀነ ገደቡን እዪ፣ ያላለቀ ካለ በዚ ሳምንት ጨርሱት፣ የማይገባሽ መስመር ካለ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ደውዪ፣ በአማርኛ የሚያስረዳሽ ሰው ከፈለግሽ ደሞ ለኔ ጻፊልኝ።